ጦሳ ወይስ ሐይቅ? የበጋ የእግር ጉዞ ከደሴ

ኅዳርና ታኅሣሥ ለእግር ጉዞ ይመቻሉ። ጭቃው ደርቋል፣ ሰማዩም ጠርቷል። ከደሴ ተጓዦች ጋር ለመውጣት የሚመጣ አዲስ ሰው ታዲያ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ጦሳ ተራራ ይሻላል ወይስ ሐይቅ ከተማ ከነሐይቁ?

ጦሳ ከከተማው በስተምዕራብ ነው፤ ትራንስፖርት አያስፈልግም። ደሴ ራሷ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች፣ ዳገቱ ገና ሲጀመር ትንፋሽ ያጥራል። ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ትንሽ ሲወጡ ደግሞ ያልባል፤ ጫፍ ላይ ነፋሱ ያንን ላብ ያቀዘቅዘዋል። ስለዚህ አንድ ወፍራም ጃኬት ብቻ ከመልበስ፣ እየወለቀ የሚሄድ ሁለት ሦስት ስስ ልብስ መደረብ ይሻላል። የደከመ ሰው ካለ ሁሉም ቆሞ ይጠብቀዋል። «አይዞህ፣ ደርሰናል!» ይሉታል። ውሸት ነው፣ ግን ይሠራል።

ሐይቅ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በሚኒባስ ይኬዳል። ከደሴ ዝቅ ስለሚል ሞቅ ይላል፣ የዳርቻው መንገድም ለጉልበት አይከብድም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ከነበሩት ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ጋር ስሙ የሚነሳው የእስጢፋኖስ ገዳም እዚያ ነው። ሴቶች ግን አይገቡም፤ ቡድኑ እዚህ ላይ ለሁለት መከፈሉ አይቀርም። ከዚያ አሳ ጥብስ አለ። የነቢያት ጾም ከሆነ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ይነሳል፤ ሙስሊም ጓደኞቻችን ክርክሩ እስኪያልቅ አይጠብቁም።

ለጀማሪና ልጅ ለያዘ ሐይቅን እመክራለሁ። እኔ ግን ምርጫዬ ጦሳ ነው፤ ደሴን ሙሉዋን ከላይ ማየት ሌላ ነገር ነው።