ባለ16 ቢት መለኪያ ቺፕ ብለው ባለ12 ቢት ሸጡልኝ፤ ባህር ዳር የምትገዙ ተጠንቀቁ

ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው፣ አነጋገሬ ከሻከረ እለፉኝ። ባህር ዳር ኤሌክትሮኒክስ የምትገዙ፣ በተለይ ሰንሰር ነክ ሥራ ያላችሁ፣ «ኤዲኤስ1115 ኢቫሉዌሽን ቦርድ፣ ፈርምዌሩ ተጭኖ ያለቀለት» የሚሏችሁን እንዳትነኩት። ኤዲኤስ1115 ከሰንሰር የሚመጣውን ቮልቴጅ ወደ ቁጥር የሚቀይር ቺፕ ነው፣ ኢቫሉዌሽን ቦርድ ቺፑ የተለጠፈበት መሞከሪያ ቦርድ ነው፣ ፈርምዌር ደግሞ ቦርዱ ላይ የሚጫነው ፕሮግራም። የሱቁን ስም እዚህ አልጠራም። ልጆቹን ግን ታውቋቸዋላችሁ። «ኦርጅናል ነው፣ በራሳችን ሰው ነው የሚመጣው፣ የቀረን አንድ ፍሬ ነው» የሚሉት ዓይነት ናቸው። ደረሰኝ ስትሏቸው ማሽኑ ተበላሽቷል።

እኔ ደብረ ማርቆስ ነኝ። ለአንድ ወፍጮ ቤት የእህል ሚዛን እየሠራሁ ነበር። ለምን ለሚዛን የተሠራውን ኤችኤክስ711 ቺፕ አልተጠቀምሽም የሚለኝ አይጠፋም፤ ባትሪውንም በዚያው ቺፕ መለካት ፈልጌ ነው፣ ኤዲኤስ1115 አራት ግብዓት አለው፣ ተውኝ። ሱቁ ውስጥ ሲያሳዩኝ ላፕቶፑ ላይ ቁጥሩ ይወርዳል። ከነጥብ በኋላ አምስት አሃዝ፣ የመጨረሻዎቹ ደግሞ ደስ በሚል ሁኔታ ትንሽ ትንሽ ይንቀጠቀጣሉ። ዕቃው ስሜት ያለው ነው፣ አየሽ፣ አለኝ ሻጩ ልጅ።

ቤት ወስጄ የነሱን ፈርምዌር አጥፍቼ የራሴን ጻፍኩ። ያለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ያለ ላይብረሪ፣ ቦርዱን በሚያዘው ኤስቲኤም32 ቺፕ በቀጥታ ሬጅስተር (ቺፕ ውስጥ ያለ የቁጥር ማስቀመጫ) እየነካሁ። ክሎኩን ከፈትኩ፣ ሁለቱ ቺፖች የሚነጋገሩባቸውን የአይቱሲ ፒኖች ኦፕን ድሬን አደረግሁ፣ የመለኪያ ቺፑን ኮንፊገሬሽን ሬጅስተር፣ ማለትም ሴቲንጉ ያለበትን፣ አነበብኩ። በሄክስ 8583 መለሰልኝ። የ1115 ዳታ ሺት (የአምራቹ መግለጫ) የሚለውም ያንኑ ነው፣ ጎሽ አልኩ። ለካ ታናሽ ወንድሙ ኤዲኤስ1015ም ሲበራ የሚመልሰው 8583 ነው። አድራሻቸው አንድ ነው፣ የሬጅስተር አቀማመጣቸው አንድ ነው፣ ማንነታቸውን የሚናገር መታወቂያ ሬጅስተር ደግሞ ሁለቱም የላቸውም። ልዩነቱ 1115 ባለ16 ቢት፣ 1015 ባለ12 ቢት መሆኑ ነው፤ ቢቱ በበዛ ቁጥር ልኬቱ ይረቅቃል። 1015 የታችኛዎቹን አራት ቢቶች ሁልጊዜ ዜሮ አድርጎ ነው የሚልከው፣ ስለዚህ ቁጥሩ ሁልጊዜ የ16 ብዜት ነው።

ሃምሳ ኪሎ ጤፍ ጫንኩ፣ ከቺፑ የሚመጣው ጥሬ ቁጥር 640 አለ። ትንሽ ጨመርኩ፣ አሁንም 640። ጨመርኩ፣ 656። ከዚያ 672። መሃል ላይ ምንም የለም፣ የሚዘለው በ16 በ16 ነው። የኔ ሎድ ሴል (ክብደትን ወደ ቮልቴጅ የሚቀይረው ሰንሰር) በ5 ቮልት ሲሠራ፣ 100 ኪሎ ሲጫንበት የሚሰጠው 10 ሚሊቮልት ነው። እውነተኛው 1115 በጠባቡ የመለኪያ ክልሉ ይህን ወደ 1280 እርከን ይከፍለዋል፣ አንዱ እርከን ሰማንያ ግራም ገደማ ይሆናል። የኔው ጉድ ግን 80 እርከን ብቻ ነው ያለው። አንዱ አንድ ኪሎ ከሩብ! የወፍጮ ቤቷ ባለቤት እትዬ አይተው «አንቺ ልጅ፣ ይሄ በኪሎ ነው ወይስ በጣሳ ነው የሚሰፍረው?» አሉኝ። ምን ልበላቸው?

መንገድ እስኪከፈት ጠብቄ ባህር ዳር ሄድኩ። ልጁ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ ቦርዱን ተቀበለኝ፣ የራሱን ፈርምዌር መልሶ ጫነበት፣ አምስቱን አሃዝ አሳየኝ። «ይሠራል አይደል እንዴ?» አለ። የመጨረሻው አራት ቢት ዜሮ ነው አልኩት። «ዜሮ ምን አደረገሽ?» ጓደኞቹ ሳቁ። እስቲ ኮዱን ክፈትልኝ አልኩ። «ምን ሊገባሽ?» ብሎ ከፈተው፤ ሊያሸማቅቀኝ ይመስለኛል። አንገቴን አስግጌ አነበብኩ። ከቺፑ የመጣውን ቁጥር ይወስድና ከ0 እስከ 15 የሆነ ራንደም ቁጥር ይደምርበታል። ያ ደስ የሚለው መንቀጥቀጥ እሱ ነበር። ይሄ ምንድነው ስለው «ፊልተር ነው» አለኝ። ራንደም መጨመር ነው ፊልተር? ላፕቶፑን ጠርቀም አድርጎ ዘጋው። «እህቴ፣ ያስተማረሽን ሰው ይዘሽ ነይ፣ ከሱ ጋር እንነጋገራለን።» ባለቤቱ ከጀርባ ቡናውን እየጠጣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» በጣቱ አሳየኝ። አፉን እንኳ አልከፈተም።

እነሱም ተታለው ቢሆን ይገባኝ ነበር፤ ተለዋጭ ቺፕ የተለጠፈበት ቦርድ ገበያው ላይ ሞልቷል። ይህቺን መስመር የጻፈ ሰው ግን አራቱ ቢቶች ባዶ መሆናቸውን አውቆ ነው የጻፈው። ቁጭ ብሎ፣ አስቦበት።

ግድ ከገዛችሁ ከነሱ ፈርምዌር ጋር አትጨቃጨቁ። የራሳችሁን ጭናችሁ ጥሬውን ቁጥር አውጡ። ሁልጊዜ ለ16 እኩል የሚካፈል ከሆነ 1015 ነው። ፍጥነቱም ያሳብቅበታል፦ ሴቲንጉን ሳትነኩ 1115 በሰከንድ 128 ጊዜ ነው የሚለካው፣ 1015 ግን 1600 ጊዜ። ሱቁ የትኛው እንደሆነ ማወቅ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ኔትወርክ ሲኖር እመልሳለሁ።