የጁላይ በረዶ፦ ሽፋኑ የተቀየረ «ፌዝ ዋን» እንዳትገዙ

እዚህ ሜሪላንድ የንግድ ሕንፃ ለመግዛት ስትሯሯጡ «ፌዝ ዋን አለን፣ በእናንተ ስም እናደርግላችኋለን» የሚል ሰው ከመጣ ቆም በሉ። እኔ አልቆምኩም።

ሦስት ሆነን ነው የገባንበት፤ እኔ፣ ወንድሜና የድሮ ጎረቤታችን። አራት ሱቅ ያለው አሮጌ ሕንፃ ነው። አንዱን ሱቅ እንጀራና ቅመም መሸጫ ልናደርገው አስበናል። ባንኩ ብድሩን ከመፍቀዱ በፊት ፌዝ ዋን አምጡ አለን። ለማታውቁት፣ ቦታው ላይ ከዚህ በፊት ምን ይሠራ እንደነበርና ተበክሎ ሊሆን እንደሚችል የሚያጣራ ጥናት ነው። አፈር አይቆፈርም። ባለሙያው ቦታውን ዞሮ ያያል፣ የድሮ ካርታና የአየር ፎቶ ያገላብጣል፣ የመንግሥት መዝገብ ይፈትሻል፣ ባለቤቱን ያናግራል።

የጠየቅናቸው ሁሉ ከ2,000 ዶላር በላይ ጠሩ። የሻጩ ደላላ ግን «ምን አከሰራችሁ? ሌላ ገዢ ያሠራው አለ። በ700 ዶላር ስማችሁን ያስገቡላችኋል» አለን። ደስ አለን። በሦስት ቀን ከመቶ ገጽ በላይ ወረቀት መጣ። ሽፋኑ ላይ ስማችን፣ ከሥሩ የጁላይ ቀን።

ከሳምንታት በኋላ የባንኩ ሠራተኛ ደወለች። «ፎቶዎቹን አይታችኋቸዋል?» ገልጬ አየሁ። ፓርኪንጉ ዳር የበረዶ ክምር ተገፍቶ ቆሟል። ሜሪላንድ፣ በጁላይ! እውነቱን ለመናገር ከሽፋኑና ከማጠቃለያው ውጪ አላነበብኩም ነበር።

ነገሩ ባንክ ከማስደሰት ያለፈ ነው። በ1980 የወጣው ሱፐርፈንድ የሚባለው የፌዴራል ሕግ መርዙን የደፋውን ብቻ አይዝም፤ የዛሬውን ባለቤትም ይይዛል። ሌላ ሰው ድሮ ያፈሰሰውን እናንተ አጽዱ ልትባሉ ትችላላችሁ። በ2002 ሕጉ ሲሻሻል፣ ከመግዛቱ በፊት በደንቡ መሠረት ላስጠና ገዢ መከላከያ ተሰጠው። ደንቡ ደግሞ ጥብቅ ነው። የቦታ ጉብኝቱ፣ ቃለ መጠይቁ፣ የመዝገብ ፍተሻው፣ ንብረቱ ላይ የጽዳት ዕዳ መኖር አለመኖሩን ማጣራቱ፣ የባለሙያው ማረጋገጫ፤ እነዚህ ሁሉ ንብረቱ ወደ ስማችሁ ከመዛወሩ በፊት ባሉት 180 ቀናት ውስጥ መሠራት ወይም መታደስ አለባቸው። የሽፋኑ ቀን ዋጋ የለውም። ኢ1527-21 የሚባለው የአሁኑ መመዘኛ የእያንዳንዱ ሥራ ቀን ሪፖርቱ ውስጥ እንዲጻፍ ይጠይቃል። የእኛ ላይ አንድም አልነበረም።

ሌላ ባለሙያ በሙሉ ዋጋ ቀጠርን። የድሮ የከተማ አድራሻ መጽሐፍ አገላብጦ፣ ጫፍ ላይ ያለው ሱቅ በ1970ዎቹ ድራይ ክሊነር እንደነበር አገኘ። ፐርክ የሚሉት የልብስ ማጽጃ ኬሚካል ክፉ ነው። ኮንክሪቱን አልፎ መሬት ይገባል፣ ትነቱ ደግሞ ተመልሶ ወደ ሕንፃው ይወጣል። ፌዝ ቱ፣ ማለትም ቁፋሮው ታዘዘ። ፐርኩም ተገኘ። በጣም ያናደደኝ፣ ያው አድራሻ በአሮጌው ሪፖርት አባሪ ውስጥም ነበር። ያነሳው ሰው ግን የለም።

ተውነው። ግን ውሉ ዲፖዚታችንን ይዘን እንድንወጣ የሚፈቅድልን የማጣሪያ ጊዜ በዚያ የማይረባ ወረቀት አልቆ ስለነበር 15,000 ዶላራችን እዚያው ቀረ። ጎረቤታችን «ሳይደግስ አይጣላም፣ ሕንፃውን ብንገዛውስ ኖሮ?» ይላል። እኔ ገና አልተጽናናሁም።

አሮጌ ሪፖርት ከሰጧችሁ ተቀበሉ፣ ለአዲሱ ባለሙያ መነሻ ይሆነዋል። ሪፖርቱን እናንተም ልትመኩበት እንደምትችሉ የሚገልጽ ደብዳቤ ቢጨምሩላችሁም ያለፈውን ቀን አያድሰውም። ባለሙያውን ራሳችሁ ቅጠሩ፤ ማን፣ በየትኛው ቀን ቦታው ድረስ እንደሚሄድ ጠይቁ። ውሉ ላይም ፌዝ ቱ ካስፈለገ የማጣሪያው ጊዜ እንዲራዘም አስጽፉ። ነዳጅ ማደያ የምትገዙ ደግሞ ጣጣችሁ ሌላ ነው፤ ነዳጅ ከሱፐርፈንድ ውጪ ስለሆነ የስቴቱን የነዳጅ ማጠራቀሚያ ታንከር ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ያዙ።

700 ዶላሩን መልሱልን ብለን ጽፈን ነበር። «የታዘዝነውን ሠርተናል» አሉን። ሕንፃው ባለፈው ሳምንት እንደገና ለሽያጭ ወጥቷል። ማስታወቂያው ላይ «ፌዝ ዋን ተዘጋጅቷል» ይላል።