እንጨት ተወደደ፤ ታዲያ ጣሪያውን በብረት ልሥራው?

ቤት የጀመረ ሰው ሁሉ ሰሞኑን የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። «እንጨቱ እንዲህ ከሆነማ ብረት አይሻልም ወይ?»

መልሱ የሚወሰነው በየትኛው እንጨት ነው። ቤት ሲሠራ ሁለት ዓይነት እንጨት ይገዛል። አንደኛው ቤቱ ላይ ይቀራል፦ ወራጁ፣ የጣሪያው ሞራሌ፣ በሩ። ሁለተኛው ሥራው ሲያልቅ ማገዶ ይሆናል፦ የፎርምወርክ (አርማታ የሚፈስበት ቅርጽ) ጣውላው፣ የአርማታው መደገፊያ፣ የመወጣጫው አጣና። ዋጋ ሲጨምር ብዙ ሰው ዓይኑ ጣሪያው ላይ ያርፋል። እኔ ግን ጭማሪውን መሸሽ የምጀምረው ከሚጣለው ነው።

እንጨቱ ለምን ተወደደ የሚለውን ብዙ አላስረዝመውም። አዲስ አበባ የሚገባው ባህር ዛፍ ከከተማው ዙሪያ፣ ከጉራጌ፣ ከጎጃም በጭነት መኪና ተጭኖ ነው። ነዳጅ ሲጨምር እሱም ይጨምራል። ድሮ ባህር ዛፍ የነበረው የከተማ ዳርቻ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ነው። ዛፍ ደግሞ ተፈለገ ተብሎ በአንድ ክረምት አይደርስም። ማገር የሚሆነው ቀጭኑ ቶሎ ይደርሳል፤ ወፍራሙ ዓመታት ይፈልጋል።

«ትንሽ ብጠብቅ ይወርድ ይሆን?» የሚሉም አሉ። አሜሪካ ያላችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ በፈረንጆቹ ሜይ 2021 የ1,000 ቦርድ ፉት (የአሜሪካ የእንጨት መለኪያ) ጣውላ የወደፊት ግብይት ዋጋ ከ1,500 ዶላር አልፎ ነበር። ኦገስት ላይ ከ600 በታች ወረደ። እዚያ ትልልቅ መሰንጠቂያዎች አሉ፤ ምርት ሲጨምሩና ገዢ ሲቀዘቅዝ ዋጋው ይመለሳል። እዚህ ያንን ተስፋ አድርጌ ግንባታ አላቆምም።

ጣሪያ፦ ባህር ዛፍ ወይስ ቱቦላሬ

መጀመሪያ አንድ ነገር እንተማመን። ብረቱም ባለበት አልቆመም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ፣ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ በኋላ፣ አንድ ዶላር በባንክ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቱቦላሬ፣ ማለትም ውስጡ ክፍት የሆነው ባለ አራት ማዕዘን ብረት፣ አገር ውስጥ ቢታጠፍም ላሜራው (ጠፍጣፋው ብረት) ከውጭ ነው የሚመጣው። ስለዚህ እንጨት ጨመረ ተብሎ ወደ ብረት መሮጥ ከአንዱ ጭማሪ ወደ ሌላው መሄድ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ አንድ እንጨትን ከአንድ ብረት ጋር አታወዳድሩ። ለሁለቱም «አንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ተሠርቶ፣ ቆርቆሮ እስኪመታ ድረስ ስንት?» ብላችሁ ጠይቁ። እንጨቱ ላይ ሚስማሩ፣ የምስጥ መድኃኒቱ፣ የአናጢው እጅ ይግባ። ብረቱ ላይ ኤሌክትሮዱ (የመበየጃ ዘንጉ)፣ የዝገት መከላከያ ቀለሙ፣ የበያጁ እጅ ይግባ። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ የጄኔሬተሩም ነዳጅ ይግባ። ብዙ ሰው ሂሳቡን የሚስተው እዚህ ጋ ነው።

የባህር ዛፍ ጣሪያ በተለመደው የአገራችን ዲዛይን የትራሱ (ጣሪያውን የሚሸከመው ሦስት ማዕዘን መዋቅር) ላይኛውና ታችኛው አባል 12 ሳንቲ ሜትር፣ ቋሚውና ሰያፉ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይኖረዋል። ቆርቆሮው የሚመታበት ሞራሌ 5 በ7 ሳንቲ ሜትር ነው። ችግሩ ያለው ገበያው ላይ ነው። ዋጋ በጨመረ ቁጥር «12» የሚባለው እንጨት እየቀጠነ ይመጣል። በዓይን አትመኑ። ሲባጎ ያዙና በቀጭኑ ጫፍ በኩል ዙሪያውን ለኩ። 12 የሆነ እንጨት ዙሪያው 38 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ 10 የሆነው 31 አካባቢ። ሁለት ሳንቲ ሜትር ምን አላት እንዳትሉ። ከ12 ወደ 10 ሲወርድ እንጨቱ ሳይሰበር የሚችለው የመታጠፍ ጫና ከ40 በመቶ በላይ ይቀንሳል። ርካሽ የመሰላችሁ እንጨት ይኸው ነው።

እርጥብም አትግዙ። ትናንት የተቆረጠ ባህር ዛፍ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል፣ ሚስማሩን ይለቃል። ቆርቆሮው ሞገድ ሠርቶ ካያችሁ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ቦታ ካላችሁ መሠረት ስታወጡ ገዝታችሁ፣ ልጣችሁ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ጥላ ሥር ደርድሩት። ግድግዳው እስኪያልቅ ይደርቃል። ዋጋውም ላይ ይጠቅማችኋል፤ ግንቦት ላይ ሁሉም ከክረምት በፊት ጣሪያ ለመምታት ስለሚሯሯጥ ነጋዴው አይለመንም።

ብረቱስ? ቀጥ ያለ ነው፣ ምስጥ አይነካውም፣ በእሳት አይያያዝም። ሰፊ ሳሎን ያለ መካከለኛ ግድግዳ መሸፈን ከፈለጋችሁ ይመቻል። ግን እሱም የራሱ ማጭበርበሪያ አለው። ባለ 2 ሚሊ ሜትር 40 በ60 ቱቦላሬ፣ 6 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ወደ 18 ኪሎ መመዘን አለበት። ውፍረቱ 1.5 ከሆነ ወደ 13 ኪሎ ተኩል ይወርዳል። ከውጭ ስታዩት አንድ ነው። ሱቁ ሚዛን ላይ ላውጣው ስትሉት ፊቱን ካጠቆረ ወደሚቀጥለው ሂዱ። ብየዳው ደግሞ ከብረቱ እኩል ነው። የተበየደበት ሁሉ ተፍቆ ቀለም ካልተቀባ ዝገቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

የኔ ምርጫ? ለተለመደ ባለ አንድ ወለል ቤት፣ ክፍሎቹ መካከለኛ ስፋት ካላቸውና ጥሩ አናጢ ካለ፣ እንጨቱ ቢወደድም አሁንም እንጨት እመርጣለሁ። ትራሱ ግን ግድግዳው ላይ ካለው ቢም ጋር በፌሮ ይታሰር፤ ንፋስ ጣሪያ የሚያነሳው እንጨት ስለሆነ ሳይሆን ስላልታሰረ ነው። ምስጥ የበዛበት አገር፣ ለምሳሌ ምዕራብ ወለጋ፣ የምትሠሩ ከሆነ ወይም ከ7 እና 8 ሜትር በላይ ያለ ድጋፍ የምትዘረጉ ከሆነ ብረት ውሰዱ፣ አትቆጩበትም። ከውጭ ሆናችሁ በስልክ የምታሠሩም ብትሆኑ ወደ ብረት አዘነብላለሁ። የእንጨት ውፍረትና ድርቀት በፎቶ አይታይም፤ ብረት ግን ቢያንስ በኪሎ ይረጋገጣል።

የሚጣለው እንጨት፦ መግዛት ወይስ መከራየት

ጭማሪው በእውነት የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። የፎርምወርክ ጣውላ በደህና እጅ ሦስት አራት ጊዜ ያገለግላል። ከዚያ ጠርዙ ይበላል፣ ሚስማር ቀዳዶ ይጨርሰዋል። የብረት ፓኔል ግን እንደ አያያዙ በአሥሮች የሚቆጠር ጊዜ ይመላለሳል። አንድ ሶሌታ (በአርማታ የሚሞላ ወለል) ብቻ ላለው ቤት ጣውላ ገዝቶ አንዴ ተጠቅሞ መጣል ዛሬ ከባድ ቅንጦት ነው። ፓኔልና የብረት መደገፊያ ተከራዩ።

ኪራይ ግን በቀን ነው የሚቆጠረው። የሶሌታው መደገፊያ በተለምዶ እስከ 21 ቀን አይነሳም። ሲሚንቶ ጠፍቶ አርማታው በሳምንት ቢዘገይ የሳምንቱ ኪራይ በእናንተ ላይ ነው። ስለዚህ ፌሮው ታስሮ፣ ሲሚንቶውና አሸዋው ግቢ ሳይገባ ፓኔል አታምጡ። ስትረከቡም ስትመልሱም ቆጥራችሁ ተፈራረሙ፤ የጎደለች ቅንጥብጣቢ ሁሉ ከመያዣው ትቆረጣለች።

ጣውላ መግዛት የሚያዋጣው ፎቁ ሁለት ሦስት ወለል ሆኖ ያው ጣውላ ደጋግሞ ሲወጣ ነው። ያኔም ከተራ ጣውላ ይልቅ ፊቱ የተሸፈነ ኮምፔንሳቶ (በስሱ ተደራርቦ የተጣበቀ እንጨት) ይሻላል። አርማታው ለስላሳ ስለሚወጣ ከልስን ላይም ትቆጥባላችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር። ከባለሙያው ጋር የምትዋዋሉት የእጅ ዋጋ ብቻ ከሆነ እንጨቱ የእናንተ ነው ማለት ነው። በሰው እንጨት የሚሠራ ሰው ባለ አራት ሜትር ጣውላ ለሃምሳ ሳንቲ ሜትር ጉርድ ሲቆርጥ አያመውም። ውሉ ላይ «ፎርምወርክ ከነእንጨቱ በካሬ ሜትር» ብላችሁ ብትጽፉ ባለሙያው ራሱ ለጣውላው ይሳሳለታል። የመወጣጫ አጣናም እንዲሁ ነው፤ ፎቅ ከሆነ የብረት መወጣጫ ተከራዩ፣ ከገንዘቡ በላይ ለሠራተኛው ደኅንነት።

ጭቃ ቤት

ድሮ ርካሹ ይህ ነበር። ግን ቋሚና ማገር እንደ ጭቃ ቤት የሚበላ ቤት የለም፤ እንጨት ሲጨምር ከብሎኬት ጋር ያለው ልዩነት ይጠብባል። ገጠር የራሳችሁ ባህር ዛፍ ካላችሁ አሁንም የሚወዳደረው የለም። ቋሚውን በቀጥታ አፈር ውስጥ አትቅበሩት፣ የድንጋይ መሠረት ላይ ይቁም። እንጨቱን ከገበያ የምትገዙ ከሆነ ግን ከመወሰናችሁ በፊት የብሎኬቱንም ዋጋ አስልታችሁ እዩ።

በር

ዋንዛ ያምራል፣ ልብ ያሞቃል። ሆኖም ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ጥድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በ1986 በወጣው የደን አዋጅ ተከልክለው ነበር፤ አዋጁ በኋላ በሌላ ተተክቷል። አሁንም ሻጩን ከየት እንዳመጣው ጠይቁ፣ የዝውውር ወረቀቱንም እዩ። ለውጭ በር ላሜራ ይበቃል። ለመኝታ ቤት ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት የተጨመቀ ሰሌዳ) ርካሽና ንጹሕ ነው። መታጠቢያ ቤት ላይ ግን አታድርጉት፤ ውሃ ሲነካው ከታች ያብጣል። እዚያ አሉሚኒየም ወይም ፒቪሲ አስገቡ።