ሀዋሳ ላይ ቶነር ለምትሞላልን እህታችን ምስጋና፣ ለኮፒ ቤቶችም ጥቆማ

ሰላም የሀዋሳ ሰዎች። በተለይ ኮፒ ቤት ያላችሁ፣ ትምህርት ቤት ፈተና የምታባዙ፣ ቢሮ ውስጥ ፕሪንተሩ ቀለም ሲጨርስ ሁሉም ወደ እናንተ የሚጮህባችሁ፣ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። አቶቴ አካባቢ ካርትሪጅ (የፕሪንተር ቀለም መያዣ) የምትሞላና ፕሪንተር የምትጠግን አንዲት እህት አለችን። ስሟንና ስልኳን እዚህ አላወጣም፣ አደባባይ መውጣት አትወድም። የሚፈልጋት በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አገናኘዋለሁ። ምስጋናዬን ግን በአደባባይ ነው የማቀርበው፣ እቃ በጠፋበት ሰዓት ያደረገችልን ነገር ተደብቆ መቅረት የለበትም።

ነገሩን ለማያውቀው ላስረዳ። ወረቀት ቢወደድ ዋጋ ጨምረህ ትሠራለህ፣ መብራት ቢጠፋ እስኪመጣ ትጠብቃለህ። ቶነር፣ ማለትም የሌዘር ፕሪንተር የቀለም ዱቄት፣ ከጠፋ ግን በር መዝጋት ነው። ዱቄቱም፣ ምስሉን ወረቀት ላይ የሚያሳርፈው ሲሊንደር ድራሙም፣ የተረፈውን ዱቄት የሚጠርገው ብሌዱም፣ ካርትሪጁን ለማሽኑ የሚያሳውቀው ቺፑም ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ዶላር ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፣ ዶላር ሲወደድ አብሮ ይወደዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ያኔ የሆነውን ኮፒ ቤት ያለው ሁሉ ያስታውሰዋል። መርካቶ ስትደውል "ዋጋ አልወጣለትም" ይሉሃል። እቃው መደርደሪያው ላይ አለ፣ አይሸጥም። የሚሸጥልህ ብታገኝም የሚጠይቅህ የዛሬን ሳይሆን የሚቀጥለው ሳምንት ሊደርስበት ይችላል ብሎ የገመተውን ነው። ያ ሁሉ የሆነው ደግሞ ትምህርት ቤቶች ለምዝገባ በሚዘጋጁበት ሰሞን ነው፣ ሥራ ከሌላው ጊዜ ሁሉ በሚበዛበት።

ከዚያ ወዲህም ነገሩ አልጠፋም። አንዱ እቃ ሲገኝ ሌላው ይጠፋል። ዱቄቱ ገብቶ ድራም የለም፣ ድራሙ ገብቶ ቺፕ የለም። በተለይ ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ ከሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢና ከቴክኖሎጂ ግቢው (ቴክኖ) ተመራቂዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ይዘው ሲጎርፉ፣ ትምህርት ቤቶችም ለፈተና ማባዛት ሲገቡ፣ ያለው እቃ አይበቃም።

እህታችን በዚያ ሁሉ መሀል እንዴት ሠራች? በገዛችበት ዋጋ ነው የሸጠችው። በግልጽ ነው የነገረችኝም፦ "ጋሼ፣ ይሄ ዱቄት በድሮው ዋጋ የገባ ነው፣ እስኪያልቅ በድሮው እሞላልዎታለሁ። ቀጣዩ ሲመጣ ግን ይጨምራል፣ ከአሁኑ ይወቁት።" የገዛችበትን ደረሰኝ ጠረጴዛዋ መስታወት ስር አስቀምጣዋለች፣ የጠየቀ ያየዋል። አዲሱ እቃ ሲመጣ ጨመረች፣ እንዳለችውም ጨመረች። እኔም ለኮፒ ቤቴ ደንበኞች አስቀድሜ መናገር ቻልኩ። አንድ ገጽ ኮፒ ስንት እንደማደርግ የማውቀው እኮ እሷ የምታስከፍለኝን ሳውቅ ነው።

እዚህ ላይ የሚከራከር እንዳለ አውቃለሁ። በድሮው ዋጋ ከሸጥክ በአዲሱ ዋጋ መልሰህ በምን ትገዛለህ የሚል ነጋዴ አለ፣ እውነቱን ነው። በሚተካበት ዋጋ የሚሸጠውን ሁሉ ሌባ አልለውም። ይህንኑ ጠይቄያት ነበር። ከእያንዳንዱ ሥራ የእጅ ዋጋ ላይ ትንሽ እየቀነሰች ለሚቀጥለው እቃ እንደምታስቀምጥ፣ ያ ካልበቃ ደግሞ ዕቁቧን እንደምትጠብቅ ነገረችኝ። ማለትም ጭማሪውን ከእኛ በፊት እሷ ነች የተሸከመችው። በሚተካበት ዋጋ መሸጥ አንድ ነገር ነው፣ እቃ ደብቆ "የለም" ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛውን አድርጋ አታውቅም።

ሌላም አለ። እቃው በጠፋበት ሰሞን አንድ ብዙ ተማሪ ያለው የግል ተቋም ሰው ልኮ፣ ያላትን ዱቄት በሙሉ በጥሩ ዋጋ ልግዛሽ አላት። ገንዘቡ በአንድ ቀን እጇ ይገባ ነበር። ለፈተናቸው የሚያስፈልጋቸውን ያህል ካርትሪጅ ሞላችላቸው፣ የቀረውን አልሸጥም አለች። "እነሱ ሌላ ቦታ ይገዛሉ፣ ትናንሾቹ ግን የት ይሄዳሉ?" ነው ያለችው። ትናንሾቹ እኛ ነን። በዚያ ሰሞን በአንዴ ብዙ ካርትሪጅ አትቀበልም ነበር፣ ለሁሉም እንዲዳረስ ብላ። መጀመሪያ ያናደደው ሰው ነበር፣ በኋላ ግን ሁሉም ሲሠራ ሰነበተ።

አሁን ዋናው ነገር። እጥረት ሲኖር ከዋጋው ይልቅ የሚያስፈራው የሚቀላቀለው ነገር ነው። ሌዘር ፕሪንተር ሲሠራ ወረቀቱ ላይ ያልተያዘው ዱቄት ካርትሪጁ ውስጥ ለብቻው ባለ ማጠራቀሚያ ይገባል። እሱ ቆሻሻ ነው፣ የወረቀት ብናኝ አለበት። እቃ ሲጠፋ ያንን መልሶ የሚሞላ ሰው አለ። የማይገናኝ የማሽን ዱቄት የሚያደባልቅም አለ። ሌላ ቦታ አስሞልቼ ገጹ ሁሉ ግራጫ እየሆነ፣ ጽሑፉ በጣት ሲነካ እየለቀቀ የመጣበት ጊዜ ነበር። ቶነር ፕላስቲክነት ያለው ዱቄት ነው፣ ፊውዘሩ (የፕሪንተሩ ማሞቂያ ክፍል) ውስጥ በሙቀት ቀልጦ ነው ወረቀቱን የሚይዘው። ለማሽኑ የማይሆን ዱቄት ከሆነ በደንብ አይቀልጥም፣ አንዳንዴም ፊውዘሩን ያበላሻል። ያኔ ያተረፍካት ብር በእጥፍ ትወጣለች።

እሷ ስትሠራ ቆሜ አይቻለሁ። ኤችፒ 85ኤ ነበር፣ ሌዘርጄት ፒ1102 ላይ የሚገባው፣ እኛ አገር ኮፒ ቤት ሁሉ የሚያውቀው። የጎኑን ፒኖች አውጥታ ለሁለት ከፈለችው። ድራሙን ወዲያው በጥቁር ጨርቅ ጠቀለለችው፣ ብርሃን ይጎዳዋል። የቆሻሻውን ማጠራቀሚያ ፌስታል ውስጥ ገልብጣ ፌስታሉን አሰረችው። ብሌዱን በደረቅ ጨርቅ ጠርጋ ጠርዙን ወደ መስኮቱ አዙራ አየችው፣ ትንሽ የተጎረደ ቦታ ካለ ገጹ ላይ መስመር ይሠራል። ዱቄቱን በሚዛን ለክታ ጨመረች። በግምት አትሞላም። ከበዛ ይፈሳል፣ ካነሰ ደንበኛው ተታለለ። ይህን ሁሉ አፏን በማስክ ሸፍና ነው የምትሠራው፣ ዱቄቱ ከበርበሬ የደቀቀ ነው። በነገራችን ላይ ልብሳችሁ ላይ ቢፈስ በደረቁ አራግፉና በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡት፣ ሙቅ ውሃ ያጣብቀዋል።

ከዚያ አትማ ነው የምታስረክበው። ነጭ ገጽ፣ ጥቁር ገጽ፣ ጽሑፍ። የኔው ላይ ነጭ ነጥብ እየተደጋገመ ወጣ። እኔ ድራሙ ሞተ ብዬ ለአዲስ ድራም ዋጋ መጠየቅ ጀመርኩ። እሷ ማስመሪያ አወጣች። በዚህ ካርትሪጅ ነጥቡ በየ75 ሚሊ ሜትሩ ገደማ ከተደገመ ድራሙ ነው፣ በሌላ ርቀት ከተደገመ ከሌላ ሮለር ነው። ለካች፣ አይደለም። አንዱን ሮለር ጠርጋ መለሰችው፣ ነጥቡ ጠፋ። ድራም እንደ ወርቅ በሚፈለግበት ሰሞን አዲስ ልትሸጥልኝ ትችል ነበር፣ ከልቤ አምኜ ነበር የምከፍላት። "ጋሼ፣ ድራሙ ገና ነው" ብላ ሸኘችኝ።

እቃ ሲጠፋ ደግሞ እንዴት እንደምንቆጥብ ታስተምራለች፣ ብዙ ብንቆጥብ ገቢዋ እንደሚቀንስ እያወቀች። 85ኤ ካርትሪጅ ላይ 1600 ገጽ ተብሎ የሚነገረው ገጹ 5 በመቶ ያህል ብቻ ቀለም ሲነካው ነው፣ እንደ አጭር ደብዳቤ ማለት ነው። ስለዚህ ፎቶ የበዛበት ነገር እያተማችሁ ቶሎ አለቀ ብላችሁ አትውቀሷት። መታወቂያ ኮፒ ስታደርጉ ክዳኑን ክፍት አትተዉት፣ ዙሪያው ጥቁር ሆኖ የሚወጣው ከንቱ የሚያልቅ ዱቄት ነው። ጽሑፉ መደብዘዝ ሲጀምር ካርትሪጁን አውጥታችሁ ወደ ግራና ቀኝ ቀስ አድርጋችሁ አወዛውዙት፣ የተወሰነ ገጽ ያሠራችኋል። አዲስ ፕሪንተር ልትገዙ ካሰባችሁም መጀመሪያ እሷን ጠይቋት። ማሽኑ ርካሽ ሆኖ ካርትሪጁ ቺፕ የሚፈልግ ከሆነ በእጥረት ጊዜ ዱቄት ይዛችሁም ቺፕ ትጠብቃላችሁ። የካኖን 725ንና የኤችፒ 85ኤን ግን አንዱን በሌላው ትተካቸዋለች፣ ሥሪታቸው አንድ ነው።

ያልተመቸኝንም ልናገር። ብቻዋን ስለምትሠራ በሥራ ሰሞን ትዘገያለች፣ ለነገ ብላ ለከነገ ወዲያ የምትሰጥበት ጊዜ አለ። ባለ ቀለም ኢንክጄት (ፈሳሽ ቀለም የሚረጭ ፕሪንተር) አትነካም፣ አልችልበትም ትላለች። ስልክም ቶሎ አታነሳም፣ እጇ ዱቄት ውስጥ ነው።

የብሩን መጠን ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ዋጋው ስለሚለዋወጥ ከወር በኋላ ይህን አንብቦ "በዚህ ትሠሪያለሽ ተብሏል" ብሎ የሚሟገታት እንዲኖር አልፈልግም። ራሷን ጠይቋት። የአሁኑንም የሚቀጥለውንም ትነግራችኋለች።

እህቴ፣ ይህን ካነበብሽው እጅሽ ይባረክ። በዚያ ሰሞን ልጆቼን ትምህርት ቤት ያስመዘገብኩት ኮፒ ቤቱ ስላልተዘጋ ነው፣ ያልተዘጋውም በአንቺ ነው።

ሌሎቻችሁ ደግሞ ባዶ ካርትሪጅ ካላችሁ አትጣሉ፣ የተሰበረም ቢሆን ውሰዱላት። ፒኑንም፣ ክዳኑንም፣ ሮለሩንም እየፈታች ለሌላው ታደርገዋለች፣ የለገሰውን ሰው ደግሞ ለሮለሩ አታስከፍለውም። እሁድ አትሠራም። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ አለች፣ ወረፋው ሳይበዛ ማለዳ ሂዱ።