የአሮጌ የባቡር ፉርጎ መቀመጫ ጥገና በደብረ ብርሃን

እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ በደረሰው፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር በሆነው የጅቡቲ መስመር ላይ ያገለገለ የመንገደኛ ፉርጎ የእንጨት መቀመጫ አባቴ ትቶልኝ ስለነበር፣ ደብረ ብርሃን ለሚገኝ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ለጥገና ሰጠሁት። ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አዛውንት አናጺ፣ ተደራርቦ የተቀባውን ቀለም በማሽን ከመፋቅ ይልቅ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ በቀስ አስለቅቀው፣ የመንገደኞች እጅ ያለሰለሰውን የክንድ ማሳረፊያ ግን እንዳለ መተዋቸው እጅግ አስደስቶኛል። የበሰበሰውን እግር ብቻ ቆርጠው በደረቀ ዋንዛ ተክተዋል፤ መጋጠሚያውንም ያለ ምስማር፣ በኮላና በእንጨት ሽብልቅ አጥብቀውታል። ቅሬታዬ ቫርኒሹ ላይ ነው፤ በደብረ ብርሃን ብርድ በደንብ ሳይደርቅ ስላስረከቡኝ የጋቢዬ ክር ተጣብቆበት ቀርቷል። ቀጠሮውም ሁለት ጊዜ ተላልፏል። በዋጋው አልከራከርም። የፉርጎውን የመስኮት መዝጊያም እዚያው እወስዳለሁ፤ ፀሐይ ሲበረታ ግን።