ለሸሚንደፈሩ ጋሼ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ሰላም የድሬ ልጆች። ዛሬ የምጽፈው አንድ ባለሙያ ለማመስገንና ለእናንተም ለመጠቆም ነው። መጋላ፣ ታይዋን አካባቢ ትንሽ የሬዲዮና የቴፕ መጠገኛ ያላቸው፣ ድሮ ሸሚንደፈር (የባቡር ድርጅቱ) ወርክሾፕ ኤሌክትሪክ ላይ ይሠሩ የነበሩ አባት ናቸው። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ እዚህ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ።

ዕቃው ወንድሜ ጃፓን ተምሮ ሲመለስ ያመጣልኝ፣ ስታክስ ላምዳ ፕሮ የሚባል የቆየ ሄድፎን ከነአምፑ (ከነድምፅ ማጉያው) ነው። ስታክስ የጃፓን ድርጅት ነው፤ የመጀመሪያውን ኤሌክትሮስታቲክ ሄድፎን በ1960 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ያዋለው እሱ ነው። ይሄ እንደ ተራው ሄድፎን ማግኔትና ጥቅል ሽቦ የለውም። በሁለት የተበሳሱ ሳህኖች መሀል ከፀጉር በጣም የሳሳ ላስቲክ ተወጥሯል፣ ላስቲኩ በ580 ቮልት ቻርጅ ይደረጋል፣ ሙዚቃው ደግሞ ሳህኖቹ ላይ እየተፈራረቀ ላስቲኩን ይስበዋል ይገፋዋል። ስለዚህ ስልክ ላይ ሰክተው የሚሰሙት ነገር አይደለም፣ የራሱን አምፕ ይፈልጋል። ግን ድምፁ ሌላ ነው። የድሮ የኡድ ካሴት ስሰማበት ጣት ክሩን ሲነካውና ክሩ ሲለቀቅ ለየብቻ ይሰማኛል። ሰብስቤ ያስቀመጥኳቸውን ካሴቶች የምሰማው በዚህ ብቻ ነው፣ ለዚህም ነው ሲበላሽ የከፋኝ።

ችግሩ ሁለት ነበር። የግራው ጆሮ ሲከፈት ደህና ይሆንና እየቆየ ድምፁ ይደክማል። በዚያ ላይ አምፑን ለማስጠገን የወሰድኩበት አንድ ቤት (ስም አልጠራም) ጀርባው ላይ 100 ቮልት ተብሎ እየተጻፈ ሳያዩት ቀጥታ 220 ላይ ሰኩት። ጭስ ጭስ ሸተተ፣ ፊውዙ ተቃጠለ፣ ከዚያ «ይሄ አይሠራም፣ ዕቃም የለውም» ብለው መለሱልኝ።

ጋሼ ጋር ስወስደው መጀመሪያ አልሰኩትም። ክዳኑን ከፈቱ፣ አንድ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው በሌላው እጃቸው ካፓሲተሮቹን (ቻርጅ የሚያጠራቅሙትን ዕቃዎች) በሬዚስተር አስለቀቁ። «ልጄ፣ እዚህ ውስጥ ከ300 ቮልት በላይ አለ፣ ተነቅሎም ቻርጁ ይቆያል» አሉኝ። ከዚያ ትራንስፎርመሩ ጋ ያሉትን ማገናኛ ሽቦዎች ሲያዩ ፈገግ አሉ። ፋብሪካው ራሱ ለ220 እንዲቀየር አድርጎ ነበር የሠራው፣ የሽቦዎቹን ቦታ መቀየር ብቻ ነው። የተነፉትን ካፓሲተሮች አወጡ። ቮልታቸውና መጠናቸው ሳይቀየር፣ 85 ዲግሪ በሚችሉት ፈንታ 105 ዲግሪ የሚችሉ ከአዲስ አበባ አስመጥተው ገጠሙ። ለድሬ ሙቀት ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሰውዬውን ያወቅኩት በዚህ ነው። አምፑ ላይ ያለውን የሄድፎኑን ሶኬት በቴስተር ሲለኩ 580 ይጠበቅ የነበረው 390 አካባቢ አሳየ። እኔ ደነገጥኩ። እሳቸው ግን ዝም ብለው አሰቡና «አቦ ቆይ፣ ቴስተሩ ነው የሚጎትተው» አሉ። ቮልቱ ወደ ሶኬቱ የሚመጣው ወደ 5 ሜጋኦም በሚጠጋ ሬዚስተር በኩል ነው፣ ቴስተሩ ራሱ ደግሞ 10 ሜጋኦም ነው፣ ስለዚህ ሁለቱ ይካፈሉታል። ከሬዚስተሩ ወዲያ ማዶ ሲለኩት 580 ሊሞላ ትንሽ ነበር የቀረው። ሌላ ሰው ቢሆን ጤነኛውን ክፍል ሁሉ ነቅሎ ይቀይረው ነበር።

ለግራው ጆሮ ከአምፑ ወደ ሄድፎኑ ሶኬት የሚወጡትን የግራና የቀኝ ገመዶች አቀያየሩ። ድክመቱ ግራ ላይ ቀረ፤ ስለዚህ ጥፋቱ ከአምፑ ሳይሆን ከሄድፎኑ ነው። ከፍተው ሲያዩት፣ አቧራ እንዳያስገባ የተወጠረው ስስ ሽፋን ተቀዷል፣ የድሬ አቧራ ገብቶ የላስቲኩን ቻርጅ እያፈሰሰው ነው። በለስላሳ ብሩሽና በቀስታ በሚነፋ አየር አጸዱት። ለሽፋኑ አዲስ ስስ ላስቲክ ወጠሩና በፀጉር ማድረቂያ አሞቁት፣ ሽብሽቡ ጠፋ። ቀኙንም ያጽዱልኝ ብዬ ብለምናቸው «ጤነኛውን ምን ብዬ እከፍተዋለሁ?» ብለው እምቢ አሉኝ። እኔ በበኩሌ ያስከበራቸው ከምንም በላይ ይሄ ነው።

የተበጣጠሰውን የጆሮ ትራስ እዚያው መጋላ ያለ ቆዳ ሰፊ በስስ የበግ ቆዳ ሠራልኝ። ጋሼ ናቸው የላኩኝ። ከጆሮ ጋር ካልገጠመ ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) ይጠፋል ብለው ልክክ እስኪል ድረስ መልሰው አሰፉት።

አሁን ሁለቱም ጆሮ እኩል ነው። ማታውን ሙሉ ሰምቼበታለሁ፣ ግራው አልደከመም። ሲመልሱልኝ የወጡትን አሮጌ ካፓሲተሮች በላስቲክ አድርገው አብረው ሰጡኝ፣ ሂሳቡንም እያንዳንዱን ዕቃ ለይተው ነገሩኝ። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፣ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ።

የቱብ ሬዲዮ፣ የድሮ ቴፕ፣ አምፕ ያለው ሰው ይውሰድላቸው። ጠዋት ሂዱ፣ ወይም ፀሐይ ሲበርድ ከ10 ሰዓት በኋላ፤ በቀትር ዝግ ነው። ሄድፎን ከሆነ አምፑን አብራችሁ ያዙ፣ ለብቻው አይቀበሉም። መብራት እየሄደ ሲመለስ ስለሚጎዳውም ስታብላይዘር ግዙ ብለዋል። እንደኔ ኤሌክትሮስታቲክ ያለው ሰው ድሬ ወይም ሐረር ካለ ይጻፍልኝ፣ ከሽፋኑ ላስቲክ ጋሼ ጋር ተርፏል።