ዘንግ ወይስ ገመድ? የጠመንጃ በርሜል ለማጽዳት

በቅድሚያ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ።

ገመድ፣ ማለትም ብሩሽ ያለበት የበርሜል ማጽጃ ገመድ፣ ርካሽ ነው፣ ኪስ ውስጥ ይገባል። ከኋላ አስገብቶ በአፈሙዙ መሳብ ነው፣ አለቀ። ግን ለየጥይቱ መጠን የራሱ ገመድ ያስፈልጋል። ዘንግ ላይ ብሩሹን ብቻ መቀየር ይቻላል።

ዋናው ነገር ጉዳቱ ነው። ዘንግ በአፈሙዙ በኩል ከተገፋ ጠርዙን ይፍቃል። ጠርዙ ከተበላ ደግሞ ተኩሱ ዒላማ ይስታል። ስለዚህ መሣሪያው ከፈቀደ ሁልጊዜ ከኋላ ይግፉት። ከተገጣጣሚው ይልቅ ወጥ ዘንግ እመርጣለሁ፤ መጋጠሚያው በርሜሉን ሊጭር ይችላል። ያልታጠበ ገመድም የቀድሞውን ቆሻሻ መልሶ ያስገባል። ያረጀው ውስጥ ከተበጠሰ ማውጣቱ ትልቅ ጣጣ ነው።

ሜዳ ላይ ለፈጣን ጽዳት ገመድ ይበቃል። ከጥይቶቹ የቀረ መዳብ ለተጣበቀበት በርሜል ግን ዘንግ፣ ብሩሽና ማሟሟያ ይያዙ።